አርጄን በሬዲዮ ያዳመጣችሁ፣ እስቲ አንድ አንድ ትዝታ ጣል አድርጉ

የሌሊት_ሹፌር
ሰላም ለዚህ ቤት። ኦገስት በመጣ ቁጥር ይሄ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ሪክ ጄነሬት፣ የአሜሪካው የበረዶ ሆኪ ቡድን የቡፋሎ ሴበርስ ጨዋታ አስተላላፊ። ቡፋሎ ውስጥ ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም፣ አርጄ ነው የሚባለው። ኦገስት 17 ቀን 2023 ነው ያረፈው፣ 81 ዓመቱ ነበር። ከ1971 ጀምሮ እስከ 2022 ድረስ አንድ ቡድን፣ አንድ ድምፅ። 51 ሲዝን ማለት ነው። ትዳርም እንዲህ አይቆይም።

የኔን ልጀምር። ቡፋሎ የገባሁት በ2005 መከር ላይ ነው። የማታ ታክሲ ያዝኩ። መኪናዋ ያረጀች፣ ማሞቂያዋ የእግር ጣት ብቻ የምታሞቅ፣ ሬዲዮዋ ደግሞ አንድ የስፖርት ጣቢያ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ቁልፉ ተሰብሯል። ማጥፋት ይቻላል፣ መቀየር አይቻልም። ሌሊቱን በዝምታ ከመንዳት ብዬ ከፍቼ ተውኩት።

አንድ ማታ ሰውዬው በድንገት ይጮህ ጀመር። ጩኸት ስላችሁ ተራ ጩኸት እንዳይመስላችሁ፣ ቤት የተቃጠለበት ሰው ጩኸት ነው። እንግሊዝኛዬ ያኔ «ወዴት ልውሰድህ» እና «ስንት ሆነ» ላይ ነው ያለው፣ ደነገጥኩ። ከኋላ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ዞሬ «ምን ተፈጠረ? ሰው ሞተ?» አልኩት። ሰውዬው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ጎል ነው» አለኝ። ሲወርድ አምስት ዶላር ጉርሻ ጨመረልኝ።

ከዚያ ማታ በኋላ ሱስ ሆነብኝ። ቃሉ አይገባኝም፣ ግን ድምፁ ይገባኝ ነበር። ኳሷ (ፓክ ነው የሚሏት፣ ጠፍጣፋ ላስቲክ ናት) መሀል ሜዳ ስትሆን ዝግ ብሎ ያወራል። ወደ ተቃራኒ ሜዳ ስትሻገር ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ እኔም አብሬው መሪውን ጠበቅ አደርጋለሁ። ግብ ጠባቂው ሲይዛት ዱብ ይላል። ሆኪን ሳላይ ነው የተማርኩት ብል ማንም አያምነኝም፣ ግን እውነት ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ በዓይኔ ያየሁት ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው። ሳየው ደግሞ «እንዴ፣ እንዲህ ፈጣን ነው እንዴ?» አልኩ። በአርጄ አፍ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበራ።

እናንተስ?

ጉለሌ_ነኝ
ሆኪ?! ወንድሜ ምን ነካህ? የሀበሻ ልጅ በረዶ ላይ ዱላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ምን አገባው? እኔ ዱባይ ሆኜ እንኳ ስሙን ስሰማ በረደኝ።

የሌሊት_ሹፌር
@ጉለሌ_ነኝ አንተ አየር ማቀዝቀዣ ሥር ተኝተህ አትፍረድብን። ስድስት ወር በረዶ የሚወርድበት ከተማ ስትኖር ወይ ትጠላዋለህ ወይ የሚጫወቱበትን ታያለህ። ሌላ ምርጫ የለም።

ናያጋራ_ዳር
ወይኔ ይሄን ርዕስ ስላነሳህ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ደግሞ ከሬዲዮ ሳይሆን ከአንድ ሽማግሌ ነው አርጄን ያወቅኩት።

2012 ላይ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። ዓይናቸው የጠፋ አንድ አባት ነበሩ። ማታ ማታ «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ክፈቺልኝ» ይሉኛል። እኔ ሞኟ መጀመሪያ ላይ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ከ1997 ጀምሮ የአርጄ ድምፅ በቴሌቪዥንም በሬዲዮም በአንድ ጊዜ ነበር የሚሄደው፣ ያው አንድ ስርጭት። ስለዚህ ምስል እያለም ለማያየው ሰው ነው የሚያወራው። ማን ያዘ፣ ለማን ሰጠ፣ በየት በኩል ገባ፣ ሁሉንም ይናገራል። ሌሎቹ የቴሌቪዥን አስተላላፊዎች ምስሉ አለ ብለው ዝም ይላሉ ወይም ስለ ትናንት ራታቸው ያወራሉ። እሱ ግን አይተውሽም።

እኚህ አባት አንድ ነገር ነበራቸው። ጎል ከመግባቱ በፊት ጣታቸውን ያነሳሉ። ሁልጊዜ ከጎሉ በፊት! አስማት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ትንፋሹን ስሚው፣ ሊጮህ ሲል ይስባል» አሉኝ። ከዚያ እኔም እሰማው ጀመር። አልጋ እያነጠፍኩ፣ መድኃኒት እየሰጠሁ፣ ትንፋሹን እጠብቃለሁ።

የ1993ቱን ታሪክም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሜይ ዴይን። የማታውቁት ካላችሁ እጽፈዋለሁ።

ቀይ_ባሕር_ማዶ
እኔ አላውቀውም፣ ጻፊው እህቴ።

ናያጋራ_ዳር
እሺ፣ ታሪኩ ይሄ ነው። ሴበርስ ከ1983 ጀምሮ አንድም የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ዙር አላለፉም። አሥር ዓመት ሙሉ። ኤፕሪል 24 ቀን 1993 ከቦስተን ብሩይንስ ጋር አራተኛ ጨዋታ፣ ሦስቱን ቀድመው አሸንፈዋል፣ ይሄን ካሸነፉ አለቀ። 5 ለ 5 ሆነና ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። እዚያ ጋ ፓት ላፎንቴን ኳሷን በረዶው ላይ ወድቆ፣ በደረቱ ተኝቶ ለብራድ ሜይ አቀበለው። ሜይ ጎል አግቢ አይደለም፣ የጉልበት ሰው ነው፣ ይደባደባል፣ ይገፋል። እንግዲህ እሱ ነው ትልቁን ሬይ ቡርክን አልፎ፣ ግብ ጠባቂውን አንዲ ሙግን አታሎ ያስገባት።

እዚህ ላይ አርጄ ምን አለ? «ሜይ ዴይ! ሜይ ዴይ! ሜይ ዴይ!» እያለ ጮኸ። ሜይ ዴይ ማለት አውሮፕላን ሊወድቅ ሲል፣ መርከብ ሊሰምጥ ሲል በሬዲዮ የሚጠሩት የድረሱልኝ ጥሪ ነው። የልጁ ስም ደግሞ ሜይ። ገባችሁ? ለዚያች ሰከንድ ማንም ሰው ተቀምጦ አላሰበላትም፣ ያ ልጅ ያገባል ብሎ ማን ይዘጋጃል? ከአፉ ነው የወጣችው።

አባትየው ይሄን ሲነግሩኝ ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበር፣ ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብለው በሬዲዮ ነው የሰሙት። «ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነበር፣ ድምፁን አጥፍተን ሬዲዮውን ከፍ አድርገን ነው የምናየው» አሉኝ። ያን ጊዜ አርጄ የሬዲዮ ብቻ ስለነበር ከተማው ግማሹ እንደዚህ ያደርግ ነበር ብለውኛል።

አራዳ_ሽማግሌ
ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን እያነበብኩ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። እኔ የምኖረው ዲሲ ነው፣ ስለ ሆኪ የማውቀው የለኝም፣ ማወቅም አልፈልግም። ግን ድምፅ አፍሶ ደም የሚያሞቅ ሰው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ጎረቤት ቤት ሃያ ሰው ሆነን ተጨናንቀን ነበር የምናየው። እኔ በር ላይ ስለነበርኩ የማየው የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ግን ከሰው በላይ አልፎ ይደርሰኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ጨዋታ አየሁት እላለሁ። አላየሁትም። ሰማሁት እንጂ። ሚስቴ ይሄን ስትሰማ ሠላሳ ዓመት ዋሽተኸኛል አለችኝ።

ስለዚህ @ጉለሌ_ነኝ፣ አንተ ልጅ፣ ሰውን አትቀልድበት። በረዶም ይሁን አቧራ ነገሩ አንድ ነው።

ጉለሌ_ነኝ
ጋሼ ይቅርታ፣ ቀልድ ነው። የደምሴን ስም ካነሱማ አፌን ዘጋሁ።

ስካርቦሮ_ልጅ
እኔ ትንሽ ውሃ ልቸልስበት ነው፣ አትቆጡኝ። የቶሮንቶ ሊፍስ ደጋፊ ነኝ (አዎ አውቃለሁ፣ ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ የለንም፣ አትጀምሩ)። አርጄ ጥሩ ነበር፣ ግን ለሴበርስ ያደላ ነበር። ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር ተበደልን ነው። ተቃራኒው ሲያገባ ሰውዬው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው የሚያወጣው። ለኔ ትልቁ ቦብ ኮል ነው። የ1972ቱን የካናዳና የሶቪየት ግጥሚያ በሬዲዮ ያስተላለፈ ሰው፣ ድምፁ ሲያድግ አገር ያድጋል፣ ለማንም አያዳላም። እሱም በኤፕሪል 2024 አረፈ፣ 90 ዓመቱ ነበር።

የሌሊት_ሹፌር
@ስካርቦሮ_ልጅ ቦብ ኮልን አከብራለሁ፣ ክርክር የለኝም። ግን ወዳጄ፣ ኮል የአገር ድምፅ ነው፣ አርጄ የሰፈር ድምፅ ነው። የሰፈር ሰው ካላዳላ ምኑን የሰፈር ሰው ሆነ? ሰርግ ላይ የሙሽራው ወገን የሙሽሪትን ዘፈን ይዘፍናል እንዴ?

ደግሞ ያዳላል ግን አይዋሽም። ቡድኑ ሲቀልድ እሱ ራሱ በአሽሙር ያነሳቸው ነበር። ከ2011 በኋላ እሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሴበርስ አንድ ጊዜ እንኳ ፕሌይኦፍ አልገቡም። አሥራ አንድ ዓመት የተሸናፊ ቡድን ማስተላለፍ ቀላል ነው? በየካቲት ማክሰኞ ማታ፣ 5 ለ 1 ተመርተው፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ እሱ ግን አራተኛ መስመር ላይ ያለ (ብዙ የማይሰለፍ) አንድ ልጅ ጥሩ ሲገፋ ደስ ብሎት ይናገራል። እኔ ያኔ ነበር በጣም የምወደው። ሲያሸንፉማ ማንም ይጮሃል።

ስካርቦሮ_ልጅ
የሰርጓ ምሳሌ አስቃኛለች፣ ተሸነፍኩ። ግን ኮል ኮል ነው።

ቀይ_ባሕር_ማዶ
ቆይ፣ የማያውቅ ሰው ይጠይቅ። ድብድቡን እንዴት ነው የሚያስተላልፈው? ሆኪ ላይ ይደባደባሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

የሌሊት_ሹፌር
ኧረ ተወው! ድብድብማ የሱ ቦታ ነው። ልክ እንደ ቦክስ ነው የሚያስተላልፈው፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አሁን ማልያውን ጎተተው፣ ወደቁ! ደስታውን አይደብቅም። በኋለኞቹ ዓመታት አብሮት የሚተነትነው ደግሞ ሮብ ሬይ ነው፣ በጨዋታ ዘመኑ የታወቀ ተደባዳቢ። ሰውዬው ድብድብ ላይ ማልያውን እያወለቀ ሌላው የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ፣ ሊጉ ማልያ ከሱሪ ጋር መታሰር አለበት ብሎ ደንብ አወጣ፣ በሱ ስም ነው የሚጠሩት። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ድብድብ ሲያወሩ አስበው።

ቡፋሎ_ተወልጄ
ሰላም። አማርኛ መጻፍ ብዙ አልችልም፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። አባቴም ሹፌር ነበር፣ የጭነት መኪና። ወደ ካናዳ በፒስ ብሪጅ ይመላለሳል። እሱ ደውሎ «አርጄ ምን አለ?» ነው የሚለኝ፣ «ስንት ለስንት ነው?» አይልም።

ትንሽ ልጅ እያለሁ አርጄ የሚለው አንድ ነገር አለ። ጎሉ በላይኛው ጥግ ሲገባ «እማማ ብስኩት የምትደብቅበት የላይኛው መደርደሪያ» ይላል። እናቴ ይሄን ስትሰማ ሳቀች፣ እሷ ስኳር የምትደብቀው ቁም ሳጥን አናት ላይ ስለሆነ። ከዚያ ቤታችን ስኳር ሲያልቅ አባቴ «አርጄ ጋ ሂዱ» ይል ነበር።

ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ለአርጄ ክብር ማታ ተደረገ። ስሙን ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሰቀሉለት፣ ከትልልቅ ተጫዋቾች ጎን። አባቴን ወሰድኩት። 20 ዓመት አዳምጦ አንድ ቀን ስታዲየም ገብቶ አያውቅም ነበር። ትኬት ውድ ነው ይል ነበር፣ ግን እኔ የሚመስለኝ ፈርቶ ነው። ምን እንደፈራ አላውቅም። አርጄ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆመ። አባቴ ግን አልቆመም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ነበር። «ምነው አባዬ?» አልኩት። «ዝም በል፣ ሊናገር ነው» አለኝ።

ናያጋራ_ዳር
@ቡፋሎ_ተወልጄ አማርኛህ ከብዙዎቻችን ይሻላል የኔ ልጅ። አስለቀስከኝ። አባትህ ደህና ናቸው?

ቡፋሎ_ተወልጄ
ደህና ነው እትዬ። አሁን አይነዳም። ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ስለ ሬዲዮ ድምፅ ይጣላል።

ኮልፌ_ኤዲት
እኔ እንደ ልማዴ አራሚ ሆኜ መጣሁ። አንድ የተዘለለ ነገር አለ። አርጄ በ2014 የጉሮሮ ካንሰር እንዳለበት ተናግሮ ነበር። የጉሮሮ! በድምፁ ለሚኖር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሕክምናውን ጨርሶ በዚያው ሲዝን ተመለሰ። ከዚያም ስምንት ዓመት ሠራ፣ ኋላ ላይ ግን ሁሉንም ጨዋታ አይደለም፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ነው የሄደው። የሆኪ የክብር አዳራሽ የአስተላላፊዎች ሽልማትንም በ2012 አግኝቷል፣ የፎስተር ሂዊት ሽልማት የሚባለውን። ይሄ ሳይነሳ አይታለፍ ብዬ ነው።

ሌላው፣ ሥራውን የጀመረበት መንገድ ይገርመኛል። ጨዋታ ሊያይ በሄደበት ዋናው አስተላላፊ ታሞ ቀረና ተተክቶ ገባ ይባላል። ያ ሰውዬ ባይታመም ኖሮ ይሄን ሁሉ አናወራም ነበር።

ስካርቦሮ_ልጅ
@ኮልፌ_ኤዲት የመጨረሻ ዓመታት ላይ የተጫዋች ስም ይሳሳት ነበር ግን። በፍቅር ነው የምናገረው፣ ግን ይሳሳት ነበር። ቀድሞ መውጣት ነበረበት የሚሉ ነበሩ።

አራዳ_ሽማግሌ
ልጄ፣ እኔም የልጆቼን ስም እሳሳታለሁ። ትልቁን በትንሹ እጠራዋለሁ። ውጣልን ግን አላሉኝም።

ስካርቦሮ_ልጅ
ጋሼ እርስዎ ዛሬ ምን በልተው ነው የወጡት 😄 አሁንስ በቃኝ።

የሌሊት_ሹፌር
እሺ፣ እኔ ደግሞ ያላልኩትን ልጨምር። ሜይ ዴይ ሲሆን እኔ አገር ቤት ነበርኩ፣ ስለዚህ የኔ አይደለችም። የኔ የሜይ 13፣ 2006ቷ ናት።

ከኦታዋ ጋር አምስተኛ ጨዋታ፣ እዚያው ኦታዋ። 2 ለ 2፣ ተጨማሪ ሰዓት። የኛ አንድ ሰው ተቀጥቶ ወጥቷል። ለማያውቁት፣ ሆኪ ላይ ጥፋት ስታጠፋ ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ቡድንህ በአንድ ሰው ይጎድላል። ስለዚህ እኛ አራት፣ እነሱ አምስት። በዚህ ሰዓት የሚታሰበው መከላከል ብቻ ነው፣ ኳሷን አርቆ መምታት፣ መጸለይ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ፊት ለፊቴ አንድ ሶማሌ፣ ከኋላዬ አንድ የመናዊ፣ ሁላችንም መስኮት ከፍተን አንድ ድምፅ እያዳመጥን ነው።

ከዚያ ጄሰን ፖሚንቪል ኳሷን ይዞ ሄደ። የአርጄ ድምፅ መውጣት ጀመረ። እኔ «አይሆንም፣ ተሳስቷል፣ የኛ ሰው ጎድሎ እንዴት ይጮሃል?» አልኩ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ። ፖሚንቪል የኦታዋውን አልፍሬድሰንን በጎን አለፈው፣ አስገባት። በአንድ ሰው ጎድሎ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ ሙሉውን ዙር የሚዘጋ ጎል ከዚያ በፊት በሊጉ ታሪክ አልነበረም። አርጄ «አሁንስ አመናችሁ?» እያለ ጮኸ። ከዚያ «እነዚህ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ በሚያስፈራ ሁኔታ ጎበዞች!» አለ። ይሄን በእንግሊዝኛው ስትሰሙት ነው ደስ የሚለው፣ በአማርኛ ትንሽ ይደርቃል፣ ምን ላድርግ።

ሰልፉ ላይ ያሉት ታክሲዎች በሙሉ ጡሩንባ ነፉ። የመናዊው ወርዶ አቀፈኝ። ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። ሻንጣ ይዛ የወጣች ሴትዮ ጦርነት የተነሳ መስሏት ተመልሳ ገባች። ሙሉ ሌሊቱን ከሠራሁት ገንዘብ ይልቅ ያቺን ደቂቃ ነው የማስታውሳት። እውነቱን ለመናገር «አሁንስ አመናችሁ?» ሲል እኔን የሚጠይቀኝ ነበር የመሰለኝ። አገሩ ከገባሁ ገና ስምንት ወር ነበር፣ ልመለስ ወይስ ልቆይ እያልኩ ነበር።

መኪናዋ በ2009 ሞተሯ ሞተ። ባለቤትየው ለቆርቆሮ ሸጣት። ሬዲዮዋን አውጡልኝ ብዬ ለመንኩ፣ መካኒኩ «ይሄ እኮ አይሠራም» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ግን አንድ ጣቢያ ይሠራል።

ቀይ_ባሕር_ማዶ
እና አወጣልህ?

የሌሊት_ሹፌር
አወጣልኝ። ጋራዥ መደርደሪያ ላይ አለች። የላይኛው ላይ 😄

ጉለሌ_ነኝ
እሺ ሰዎች፣ ተሸንፌያለሁ። አሁን ከሥራ ወጥቼ ያቺን የሜይ ዴይ ቅጂ ፈልጌ ሰማኋት። በጆሮ ማዳመጫ፣ ሜትሮ ውስጥ ቆሜ። ቃሉ አብዛኛው አልገባኝም፣ ማን ለማን እንደሰጠ አላውቅም። @ናያጋራ_ዳር ያልሽውን ትንፋሽ ግን ሰማሁት መሰለኝ። ከመጮሁ በፊት ነው፣ አይደል? ከዚያ እኔም ሳላስበው «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ፣ አጠገቤ ያለ ህንዳዊ ወደ ሌላ ፉርጎ ሄደ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ስንት ጊዜ ነው ሜይ ዴይ ያለው? ሦስቴ ሰማሁት፣ በሦስቱም የተለያየ ቁጥር ወጣልኝ።

ናያጋራ_ዳር
አዎ፣ ከመጮሁ በፊት ናት። ቁጥሩን ተወው፣ ትንፋሹን ከሰማህ ይበቃል። ጣትህን አነሳህ?

ጉለሌ_ነኝ
እጄ ላይ ሻይ ነበር። አሁን ሸሚዜ ላይ ነው።